ለዓመታት የቆመ የስፖርት መኪና እንዴት ይነሳል፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዛ ሞተር

ብዙ ሰው ለዓመታት የቆመ መኪና እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪ አስሮ ሞተሪኖ መምታት ነው። ይገባኛል፣ በተለይ መኪናው መርሰዲስ 280 ኤስኤል ወይ አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ሲሆን ድምፁን ለመስማት ልብ ይቸኩላል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፣ በተለይ ሰሜን ሸዋ ላላችሁ። የኛ መንገድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ በደብረ ሲና በአርማንያ አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በፍሬን ነው የምትወርዱት። ሞተሩ እንቢ ያለ መኪና ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ ፍሬኑ እንቢ ያለ ግን የት እንደሚቆም አይታወቅም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደሞ በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙት መኪኖች ምትክ የላቸውም። ፈታትቶ ለመለዋወጫ መሸጥ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት። የድሮው 280 ኤስኤል (ደብሊው 113 የሚባለው) ከ1971 እ.ኤ.አ. በኋላ አልተመረተም፣ አንዴ ከተበተነ በቃ ተበተነ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

ጭድ አጠገብ የቆመ መኪና ውስጥ አይጥ አለ ብላችሁ ጀምሩ። የአየር ማጣሪያውን ቤት ክፈቱ፣ ከመቀመጫ ስርና ከዳሽቦርድ ኋላ ያለውን ሽቦ በባትሪ መብራት እዩ፣ የማርሚታውን ጫፍ እዩ። ሽቦው ተበልቶ ከሆነ ሳይጠገን ባትሪ እንዳታስሩ፣ እሳት የሚነሳው እንደዛ ነው።

ፕላስቲክ ሸራ የለበሰ ከሆነ ዛሬውኑ አውልቁት። የደብረ ብርሃን ውርጭ በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ሲጥል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣበት ሸራው ስር ውሃ ይሆንና መውጫ አጥቶ ላሜራው ላይ ይውላል። የሚያስተነፍስ የጥጥ ልብስ ከላዩ ጣራ ነው የሚያስፈልገው። የመንዝ ባና ያለበሱም አይቻለሁ፣ ከፕላስቲክ መቼም ይሻላል፣ ግን እርጥበት ከጠጣ ቶሎ አይለቅም፣ ብልና አይጥም ይወደዋል።

ጎማ ላይ ብዙ አልልም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ከአስር ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጣሉት። የሚኒባስ ጎማ ልኩ ስለገጠመ ብቻ አትግጠሙ፣ ጎኑ ለጭነት የተሠራ ድርቅ ያለ ነው፣ ቀለል ያለ የስፖርት መኪና ላይ ኩርባ አይዝም።

ፍሬኑ

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ቦታ ይሄ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ የቆመ ኩፔ ገዝቶ ጋራዥ አስገባው። አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠሙለት፣ ዲስኩን አስላጡለት፣ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ቀለም ቀብተው አብለጨለጩት፣ ሁሉም ደስ አለው። ዘይቱን ግን ማንም አልነካውም። ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ለሰለሰ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ወለል ላይ ተኛ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በእጅ ፍሬን የተራራውን ጥግ ይዞ ነው ያቆመው። የሚገርመው ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ፍሬኑ ተመለሰ፣ ምንም እንዳልሆነ። በኋላ ከካሊፐሩ ያወጣነውን ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ስናየው አተላ ነበር የሚመስለው፣ ታች ደሞ ጥቁር ደለል ተኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ቆሞም ቢሆን ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል፣ ዶት 3 ከሆነ ወደ 140። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ሲግል ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ እንደ ዘይት አይደለም ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ስለዚ እግራችሁ የሚጨምቀው እንፋሎቱን እንጂ ሸራውን አይደለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ፍሬኑም ይመለሳል፣ ጋራዥ ሲደርስ "ምንም የለውም" የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። በትንሽ ቆርቆሮ የታሸገ ዶት 4 ግዙ፣ ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ የቆየ ቢረክስም አትውሰዱ። ዶት 5 የሚለው ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ዶት 5.1 ግን ሌላ ነገር ነው ከ4 ጋር ይሄዳል። የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት "ለጊዜው" ብሎ የሚጨምርላችሁ ሰው ካለ አስቁሙት፣ ጎሚኒውን (ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ላስቲክ) በሙሉ አሳብጦ ያበላሸዋል።

አየር ስታስወጡ አንድ ሰው ፔዳሉን ወለል ድረስ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ሁላችንም የተማርነው እንደዛ ነው፣ የቆመ መኪና ላይ ግን ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ሲሊንደር) የሚገድለው ይሄ ነው። ማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን በደህና ጊዜ የሚመላለሰው የሲሊንደሩ የተወሰነ ክፍል ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ ወዲያ ያለው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ተቀምጧል። እስከ ወለሉ ስትረግጡት ጎሚኒው እዛ ሸካራ ቦታ ላይ ሄዶ ይቀደዳል። ፔዳሉ ስር የእንጨት ቁራጭ አስቀምጡና ግማሽ መንገድ ብቻ ይውረድ። በጣም የቆየ ከሆነ ግን እኔ ማስተሩን ፈትቼ ውስጡን በመብራት ሳላይ ዘይት አልሞላም፣ ጣት ስታስገቡ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ጎሚኒ መቀየር ብቻ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹ። ከውጭ ጥሩ ይመስላሉ፣ ከውስጥ ግን አብጠው ይዘጋሉ፣ በእግር ኃይል ዘይቱ ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመለስም፣ ጎማው ተይዞ ይቀራል። ሰው ካሊፐሩ ነክሷል ብሎ ካሊፐር ይገዛል። ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩ፦ ጎማው ተይዞ እያለ የብረት ቱቦው ከጎማ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፍቱት። ከለቀቀ ችግሩ ከላይ ነው፣ ከማስተሩ በኩል። ካልለቀቀ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ፍቱ፣ አሁን ከለቀቀ ጥፋተኛው ቱቦው ነው፣ አሁንም ካልለቀቀ ፒስተኑ ራሱ ነክሷል። ለማንኛውም ቱቦዎቹን በሙሉ መቀየር ነው፣ ከሁሉም ነገር ርካሹ እሱ ነው።

የነከሰ ፒስተን በኮምፕረሰር አየር ማውጣት ጋራዦች ይወዳሉ። እጃችሁን እዛ አጠገብ እንዳታደርጉ፣ ፒስተኑ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው፣ ጣት ይቆርጣል። ካሊፐሩ ከቱቦው ጋር እንዳለ በፔዳሉ እየገፋችሁ ብታወጡት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ የዘይቱ ግፊት ከአየር የበለጠ ኃይል አለው፣ ፉጨትም ፍንዳታም የለውም። አየሩን ስታስወጡ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፣ መሪው ግራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የኋላ ቀኝ ነው።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ 280 ኤስኤል ያሉት መኪኖች ፔዳሉን የሚያቀል በቫኪዩም የሚሠራ ሰርቮ አላቸው፣ ሰርቮው ኃይል የሚያገኘው ከውጭው አየር ግፊት ነው፣ ጣርማበር ላይ ደሞ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ከ70 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ስለዚ እዛ ከፍታ ላይ ፔዳሉ ጠንከር ቢል ፍሬን ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ሞተር ከጠፋ ሰርቮው ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ የሚባለውን ነገር በቃ እርሱት።

ሞተሩ

አሁን ወደምትወዱት መጣን። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ። በየሲሊንደሩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ ትንሽ ትንሽ ጠብ አድርጉና አሳድሩት። ከዛ ማርሽ ሳይገባ ክራንኩ ጫፍ ያለውን ብሎን በረጅም ቁልፍ በእጅ አዙሩ። ካልዞረ ድጋሚ ጨምራችሁ ጠብቁ፣ ሳምንትም ቢሆን። በገመድ ጎትቶ ማርሽ አስገብቶ ማስነሳት የሚባለው እዚህ አይሠራም፣ የነከሰ ፒስተን ቀለበት ይሰበራል ወይ የተጣበቀ ቫልቭ ይጣመማል፣ ከዛ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ማውረድ ነው።

በእጅ ከዞረ ዘይትና ማጣሪያ ቀይሩ፣ ካንዴላ ሳትመልሱ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙሩት። ያኔ ነው ዘይቱ ኩሽኔታዎቹ ጋ ደረሰ የሚባለው።

ነዳጁን በተመለከተ ሳልባትዮው ውስጥ ያለውን አሮጌ ቤንዚን አንድ ጠብታ ሳታስቀሩ አውጡ። የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፣ የሚጣበቅ ነገርም ይተዋል። ሳልባትዮውን አውርዶ ማጠብ አድካሚ ነው ግን አቋራጭ የለውም። 280 ኤስኤል ላይ በተለይ፣ የነዳጅ ፖምፓው ቦሽ የሠራው ስድስት ፒስተን ያለው መካኒካል ኢንጄክሽን ነው፣ አንዷ ፒስተን በዝገት ወይ በቫርኒሽ ከያዘች እዛው በካቻቢቴ እየነካካችሁ አታስተካክሉም፣ ኢንጄክሽን ፖምፓ ለሚያውቅ ባለሙያ ነው የሚሰጠው። ላዩ ላይ የአየር ግፊቱን አይቶ ነዳጁን የሚመጥን ካፕሱልም አለው፣ ለደጋችን በጣም የሚጠቅም ነገር ነውና ነቅሎ የሚጥል ሰው እንዳታስጠጉ።

ካርቡሬተር ላላቸው፣ እንደ አልፋ 1750 ሁለት ዌበር ካርቡሬተር ለተሸከመው ማለት ነው፣ ከፍታውን እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባህር ወለል የተቃኘው መኪና ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ዌበር ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ትንሽ ባለ ቀዳዳ ብሎን) ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር። በአንድ ደረጃ ቀንሱ፣ ንዱ፣ ካንዴላውን አይታችሁ ድጋሚ ወስኑ። ግን ለደብረ ብርሃን ብቻ አጥብቃችሁ ከቃኛችሁት ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተን እስከማቃጠል ይደርሳል። ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ ትንሽ ጭስ ታገሱ።

ራዲያተሩ ላይ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከዛ የሚያድናችሁ ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ቀይሩ። አንቱፍሪዙን ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ፣ ለውርጩም ለዝገቱም ነው።

አዲስ ሞዴል ላላችሁ

ፖርሽም ሆነ መርሰዲስ ኤኤምጂ ከፍታውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክላል፣ እዛ ላይ አትጨነቁ። የሚያስቸግረው ባትሪ ነው፣ ቆሞም ቢሆን ይበላል፣ ሲደክም ዳሽቦርዱ በሙሉ በስህተት መብራት ይሞላና ሰው ሴንሰር መቀያየር ይጀምራል። ስካነር ከመሰካታችሁ በፊት ባትሪውን ሞልታችሁ እዩ፣ ለረጅም ጊዜ የምታቆሙት ከሆነ ቀስ እያለ የሚሞላ ቻርጀር ላይ ይዋል። የፍሬን ዘይቱ ሕግ ግን ለአሮጌውም ለአዲሱም አንድ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ጉዞ

ወደ ጣርማበር አትሂዱ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዛ ወደ ጫጫ ባለው ሜዳ መንገድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ውጡ። ደጋግማችሁ ቀስ ብላችሁ አቁሙት፣ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ እዩ። ተመልሳችሁ መዳፋችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፣ ሳትነኩት፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ እሱ ጋ ፍሬን እየያዘ ነው፣ ተመልሳችሁ ቱቦና ፒስተን እዩ። የቸርኬ ብሎኖቹን ድጋሚ አጥብቁ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ ጠብ ያለ ነገር ካለ በነጭ ወረቀት ነክታችሁ ዘይት ይሁን ነዳጅ ይሁን ለዩ።

ሜዳው ላይ ደጋግሞ ሰላም ከሆነ ነው ቁልቁለቱ። ዋሻው ሳትገቡ ማርሽ ቀንሱ፣ ሁለተኛ ላይ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁ እንጂ እግራችሁን አሳርፋችሁበት አትውረዱ። ፔዳሉ ከለመዳችሁት በታች መውረድ ከጀመረ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን መጠን እዩ፣ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለና ሳታገኙት ወደ ሸዋ ሮቢት አትቀጥሉ።