መጋቢት ላይ ስኪ ልትሄዱ ነው? ልምምዱን እንጦጦ ጀምሩ

ስኪ ረጅም መንሸራተቻ ጫማ ሥር አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መውረድ ነው፤ መንሸራተቻውም ስኪ ይባላል። ስዊዘርላንድ ወይ ኦስትሪያ ያለ ዘመድ "መጋቢት ላይ ና፣ ስኪ አስተምርሃለሁ" ካለ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚፈራው ብርዱን ነው። ክረምታቸው ሊወጣ ሲል ግን ብርዱ ቀላሉ ነገር ነው። ዋናው ሰዓት ማወቅ ነው።

የከፍታው አየር መሳሳት አያሳስባችሁ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብዙዎቹ የአልፕስ የስኪ መንደሮች 2,000 እንኳ አይደርሱም። የሚያንሳችሁ እግር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ድረስ በታክሲ ውጡና ወደ ሽሮ ሜዳ በእግር ውረዱ። አዎ፣ መውረዱ ነው ልምምዱ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እዩ፦ ጉልበታቸው ዕጥፍ፣ እርምጃቸው አጭር፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ የሚያጋድል ማንም የለም። ስኪ ላይም ፈርቶ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው የሚወድቀው። (በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ነው የተወለደው፤ የሱ ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ሌላ ሙያ።)

አሁን ወደ በረዶው። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፣ ቀን የቀለጠው ሌሊት ይጠጥርና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድንጋይ ነው፤ ጀማሪ እዚያ ላይ ከወደቀ ተንሸራቶ የት እንደሚቆም አይታወቅም። ተኙ፣ ቡናችሁን ጠጡ። 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ላዩን ትንሽ ታላላዋለች፣ ስኪው ሳያመልጣችሁ በረዶውን ይዞ ይታጠፋል፣ የምትፈልጉት እሱን ነው። ከ7 ሰዓት ወዲያ በረዶው እንደ ሊጥ ይይዛል። ስኪው በድንገት ሲቆም ሰውነት ወደ ፊት ይቀጥላል፣ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነው። ደመና ሆኖ ካደረ ደግሞ በረዶው በደንብ ስለማይጠጥር ቶሎ ይበላሻል።

ፀሐይን ተከተሉ፦ ጠዋት ወደ ምሥራቅ የሚያየው ተዳፋት፣ ቀጥሎ ደቡቡ፣ መጨረሻ ምዕራቡ። ሰሜኑ በረዶውን ከሁሉም በላይ ያቆያል።

ምልክት ካለው መንገድ አትውጡ፤ ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ለናንተ አይደለም። የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሀል ላይ ስላለ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀለጠው ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አደጋው ይብሳል።

ጂንስ አትልበሱ፣ ይርሳል። ስኪውንና ጫማውን እዚያው ተከራዩ፤ ካልሲ አንድ ቀጭን ብቻ፣ ሁለት ከደረባችሁ እግር ይታመማል። የፀሐይ ክሬም ለጠይምም ነው። በረዶው ጨረሩን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሰው አገጭ ሥርና አፍንጫ ሥር ሳይቀር ተቀቡ፣ መነጽርም አይቅር።

ሲበቃችሁ የመጨረሻውን ቁልቁለት በስኪ አትውረዱ። ታችኛው ክፍል ቀድሞ ስለሚቀልጥ ጭቃና ውሃ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ኬብል መኪና ውረዱ፣ ማንም አይስቅባችሁም።