የድሮ ካሴት ሃርድ ዲስክ ባለው ዲቪዲ ሪከርደር ወደ ዲስክ እንዴት ይገለበጣል

ውስጡ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ያለው ዲቪዲ ሪከርደር ቤታችሁ ካለ እንዳትጥሉት። የቪኤችኤስ ካሴት ለመገልበጥ እኔ ከኮምፒውተር ይልቅ እሱን ነው ምመርጠው። ካሴት ጊዜ አይሰጥም፣ በየአመቱ እየደከመ ነው ሚሄደው፣ ካሴት ማጫወቻው ዴክም ቢሆን ፉናይ የሚባለው የጃፓን ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2016 መስራቱን ካቆመ በኋላ አዲስ የሚያመርት የለም፣ ስለዚህ ያላችሁ ዴክ እየሰራ እያለ ጀምሩ።

መጀመሪያ ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ፕላስቲክ ስበሯት፣ እሷ ከተሰበረች ዴኩ በስህተት በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም። ከዛ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አሳልፉትና መልሱት፣ ብዙ አመት ሳይነካ የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና እንዲህ ሲደረግ ይላቀቃል።

ገመዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዴኩ አውት ወደ ሪከርደሩ ኢን ነው፣ ቢጫው ለምስል ነጭና ቀዩ ለድምፅ። ከዛ በሪከርደሩ ሪሞት ኢንፑት የሚለውን እየተጫናችሁ ገመዱን የሰካችሁበትን ኤል1 ወይ ኤቪ1 ፈልጉ። ዴኩ እየሄደ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ዴኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይሄን እዩ። ምስሉ ከታች በኩል በነጭ መስመር ከተቆረጠ በዴኩ ትራኪንግ፣ ማለትም ክሩ የሚነበብበትን ቦታ በሚያስተካክለው ቁልፍ፣ አስተካክሉት፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ እያያችሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከተቀዳ በኋላ ያ መስመር አይወጣም። የሱቅ ፊልም ካሴት ከሆነ ግን ኮፒ መከላከያ ስላለው ሪከርደሩ አልቀዳም ሊላችሁ ይችላል፣ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጥራቱ። ሪከርደሩ ላይ የመቅጃ ጥራት ደረጃዎች አሉ፣ ኤክስፒ ከፍተኛው፣ ኤስፒ መካከለኛው፣ ኤልፒ ዝቅ ያለው። አንድ 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ በኤክስፒ 1 ሰአት፣ በኤስፒ 2 ሰአት፣ በኤልፒ 4 ሰአት ይይዛል። ሃርድ ዲስኩ 160 ጊጋባይት ከሆነ በኤስፒ 68 ሰአት ገደማ ማለት ነው፣ እና ሰው ይሄን ቦታ ሲያይ ሁሉንም በኤክስፒ ይቀዳና በኋላ 2 ሰአቱን አንድ ዲስክ ላይ ለማስገባት ሲሞክር ማሽኑ እንደገና መጭመቅ አለበት፣ ያ ደሞ ሙሉ 2 ሰአት ይፈጃል ጥራቱም ይቀንሳል። በመጨረሻ ዲስኩ ላይ በሚገባበት ጥራት ከመጀመሪያው ከቀዳችሁ ግን ሀይ ስፒድ ኮፒ ይሰራል፣ ምንም ሳይነካ እንዳለ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለቪኤችኤስ ኤስፒ ይበቃል። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ በጣም የሚበዛ ከሆነ ኤክስፒ አድርጉና ሁለት ዲስክ ላይ ክፈሉት፣ ያ ነጠብጣብ ለማሽኑ እንቅስቃሴ ስለሚመስለው ዳታውን ይበላል። ኤልፒን ለቤተሰብ ካሴት አልመክርም፣ ፊት ሲደበዝዝ ያሳዝናል። በአንዳንድ ማሽን ደሞ ለሀይ ስፒድ ኮፒ እንዲመች ቅዳ የሚል ምርጫ ሴትአፕ ውስጥ አለ፣ ሳትጀምሩ ኦን አድርጉት።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ከገባ በኋላ መቁረጥ ቀላል ነው። ባዶውን ሰማያዊ ስክሪን፣ ካሜራው ሳይጠፋ መሬት መሬቱን የቀዳውን ሁሉ አውጡና ርእስና ቀን ጻፉበት። ስትቆርጡ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትርፍ ተዉ፣ በሀይ ስፒድ ሲገለበጥ መቁረጫው ትንሽ ይዛነፋልና የመጀመሪያው ቃል ሊቆረጥ ይችላል። እኔ አባቴ ስሜን ሲጠራ ያለበትን ቦታ እንደዛ አድርጌ አበላሽቼ ከካሴቱ እንደገና ነው የቀዳሁት።

ለሰው ለመስጠት ዲቪዲ አር (DVD-R፣ አንዴ ብቻ የሚቀዳበት ዲስክ) ተጠቀሙ፣ ብዙ ማጫወቻ ያነበዋል። ኮፒው ሲያልቅ ፋይናላይዝ ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ሌላ ማጫወቻ እንዲያነበው መዝጋት፣ እንዳትረሱ፣ እሱ ካልተደረገ ዲስኩ እዛው የተቀዳበት ማሽን ላይ ብቻ ይሰራና ሌላ ቦታ ባዶ ይመስላል። ፋይናላይዝ እያለ መብራት ከጠፋ ዲስኩ ሊሞት ይችላል፣ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ጠብቁ።

እና እባካችሁ ሃርድ ዲስኩ ላይ አታስቀምጡ። እኔ ወደ 40 ሰአት የሚሆን በኋላ እገለብጠዋለሁ እያልኩ ትቼው አንድ ቀን ማሽኑ ሲበራ እየተንቋቋ ቀረ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ሪከርደሮች በራሳቸው ፎርማት ነው የሚጽፉትና ኮምፒውተር ዝም ብሎ አያነበውም። ስለዚህ አንድ ካሴት ቀድታችሁ፣ ቆርጣችሁ፣ ሁለት ዲስክ አውጥታችሁ፣ ሌላ ማጫወቻ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታችሁ፣ ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ገልብጣችሁ፣ ከዛ ነው ከሃርድ ዲስኩ የምታጠፉት፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ካሴት። ዋናውን ካሴት ደሞ መልሳችሁ አጠንጥኑና በጎኑ ሳይተኛ አቁማችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።