የአፈር ግድብና የዓሣ ኩሬ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የክረምቱን ውሃ በትንሽ የአፈር ግድብ አቁሮ ለከብት፣ ለጓሮ አትክልትና ለዓሣ ማዋል በብዙ ወረዳዎች እየተለመደ ነው። ግድቡ ሲናድ ወይም ዓሣው ሲያልቅ ታዲያ ተወቃሹ ጎርፉ ነው። አብዛኛው ጥፋት ግን በቅንነት ከተሠራ ሥራ ይመጣል፤ ለጥላ ከተተከለ ዛፍ፣ ዓሣው ይወፍር ተብሎ ከተጨመረ ፍግ፣ ለጤና ተብሎ ከተበጠበጠ እንዶድ። ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል እንያቸው።

አፈሩን ሣሩ ላይ መከመር

ሣሩና የላዩ ጥቁር አፈር ሳይነሳ ከተገደበ ግድቡና መሬቱ አይያያዙም። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃው በመካከላቸው መንገድ ያገኛል። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይነሳ፤ ከዚያ በግድቡ ርዝመት ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቦይ ተቆፍሮ ውሃ በማያሳልፍ የሸክላ አፈር ይጠቅጠቅ። የተነሳውን አፈር አይጣሉት፤ በመጨረሻ በግድቡ ጀርባ ላይ ሲመለስ ሣር የሚያበቅለው እሱ ነው።

አፈሩ ተስማሚ መሆኑን ለማየት እርጥቡን በመዳፍዎ መካከል ያድቦልቡሉት። እንደ እርሳስ ቀጥኖ ካልተሰባበረ በቂ ሸክላ አለው። መረሬ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል፤ ነገር ግን በበጋ ይሰነጠቃል፣ የሰኔ ጎርፍም ቀጥታ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መረሬውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ላዩን በሌላ አፈር ማልበስ ይሻላል። ጥቅጠቃው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር፣ አፈሩ እርጥበት እያለው ነው የሚሠራው። ደረቅ አፈር ከምሮ ከላይ ብቻ መደብደብ ድካም ነው።

ማስተንፈሻውን ማጥበብ

ከሁሉም ይህኛው ይብሳል። የአፈር ግድብ በአናቱ ውሃ ከፈሰሰበት በሰዓታት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል። የጎርፍ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ፣ ከግድቡ ጎን፣ ባልተነካ መሬት ላይ ተቆርጦ ሰፋ ብሎ ሣር ሊለብስ ይገባል። በተሞላ አፈር ላይ ከሆነ ግድቡን የሚበላው ራሱ ነው። የግድቡ አናት ከማስተንፈሻው ወለል ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል። አፈር ስለሚሰጥም ሲገነባ ከከፍታው አንድ አሥረኛ ያህል ይጨመርለት።

ሦስት ዓይነት አጥፊዎች አሉ። አንዱ ሲሠራ ያጠበዋል። ሁለተኛው ከዓመት በኋላ «ትንሽ ውሃ ልጨምር» ብሎ አፉ ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ሦስተኛው ዓሣው በጎርፍ እንዳይሄድበት ማስተንፈሻውን በወንፊት ሽቦ ያጥራል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ገለባውን፣ ቅጠሉንና የበቆሎ አገዳውን ጠርጎ አምጥቶ ሽቦው ላይ ይለጥፈዋል። አገዳ በአገዳ ላይ ሲነባበር ውሃው ከኋላው ይቆማል፤ ማስተንፈሻ የነበረው ግድግዳ ይሆናል፣ ውሃውም በግድቡ አናት ይሻገራል። ያንን ሌሊት ወጥቶ የሚያጸዳ አይገኝም። ጥቂት መቶ ዓሣ ቢያመልጥ ከሰበታ ወይም ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል እንደገና ጫጩት ማምጣት ይቻላል።

ቱቦን እንዲሁ ቀብሮ መተው

ለከብት ማጠጫ ወይም ለመስኖ በግድቡ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ዙሪያው ካልተጠቀጠቀ ውሃው ከቱቦው ውጪ እየላሰ ይወጣል። በየጥቂት ሜትሩ የሲሚንቶ ኮሌታ ይሠራለት፤ አጠገቡ ያለው አፈር በእጅ መደቅደቂያ ይጠቅጠቅ።

በግድቡ ላይ ዛፍ መትከል

ባሕር ዛፍ ውሃ ያለበትን ያውቃል። ሥሩ ግድቡን ሰርስሮ ይገባል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ባዶ ቧንቧ ትቶ ይሄዳል። ግድብ የሚፈልገው ሣር ነው፦ ሰርዶ፣ ደሾ፣ ቬቲቨር። ቁጥቋጦ ካለ ጃርት ይገባበታል፣ ፍልፈልም ይቆፍራል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ሣሩን አጭዶ ግድቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር መዞር የግድ ነው፤ ጉድጓድ የሚታየው ሣሩ ሲያጥር ነው።

የሚንጠባጠበውን ውሃ በደፈናው መፍራት፣ ወይም በደፈናው መናቅ

ከግድቡ ጀርባ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ሁሉ አደጋ አይደለም። በጠርሙስ ይቅዱና ያቆዩት። ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ መከታተል ይበቃል። ታቹ ላይ አፈር ካቀረረ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቀዳዳውን በጭቃ መድፈን ነው፤ ውሃው በሌላ በኩል ይፈነዳል። የሚሻለው የኩሬውን ውሃ መቀነስ፣ የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ መጀመሪያ በአሸዋ፣ ቀጥሎ በጠጠር፣ ከላይ በድንጋይ መጫን ነው። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ባለሙያም በአስቸኳይ ይጠራ።

ከላይ ያለውን ተዳፋት መርሳት

ለጎንደር ከተማ መጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተቸገረ የሚታወቅ ነው። ያን ያህል ግድብ ደለል ካስጨነቀው ለሦስት ሜትር ኩሬማ ጥቂት ክረምት ይበቃዋል። እርከኑና ክትሩ ከግድቡ በፊት ይሠሩ፤ ኩሬው አፍ ላይም ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይቆፈርና በየበጋው ይጠረግ። የወጣው ደለል ለማሳ ጥሩ አፈር ነው።

ቆሮሶን ለቆ መርሳት

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሙቀት ይወዳል፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች በሆነ ውሃ መራባቱ ይቆማል፣ ዕድገቱም ይጓተታል፤ ስለዚህ ብርዳማ ደጋ ላይ ከቆላ የሰሙትን ምርት አይጠብቁ። በሞቀ ውሃ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ጫጩቱ ብዙ አይሞትም፣ ሴቶቹም ገና በጥቂት ወራቸው ይወልዳሉ። ዓመት ሳይሞላ ኩሬው የጣት ርዝመት ባላቸው ዓሣዎች ይሞላል። ባለቤቱ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይላል፤ ዘሩ ምንም አልሆነም፣ ተጨናንቆ ነው። ከተገኘ ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት መልቀቅ፣ ካልሆነ ቆሮሶው ካደገ በኋላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው፤ አምባዛ ትንንሹን ይለቅመዋል። በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ገደማ ይበቃል። ጫጩቱ የመጣበትን ከረጢት ወዲያው አይዘርግፉት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ሩብ ሰዓት ያህል ውሃው ላይ ይንሳፈፍ።

ፍግ ሲበዛ ጥሩ ይመስላል

ፍግ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አረንጓዴውም የዓሣ ምግብ ነው። ክንድዎን ቀስ ብለው ይንከሩ። ውሃው ክርንዎ ሳይደርስ መዳፍዎ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል። ክርንዎ ሰጥሞም ጣትዎ ከታየ ቀንሷል። ጎህ ሲቀድ ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ካደረጉ አየር አጥሯቸዋል፤ ፍጉም ፉርሽካውም ፋጉሎውም ያን ቀን ይቁም፣ ከተቻለ አዲስ ውሃ ይግባ።

እንዶድና ብርብራ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያ ለመከላከል እንደሚረዳ አሳዩ። በዚህ የምንኮራውን ያህል ለዓሣ ኩሬ እንደማይሆንም እንወቅ፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን ዓሣውንም ይገድላል። ልብስ ማጠቢያው ከኩሬው ውጪ ይሁን፣ እጣቢውም ወደ ኩሬው አይመለስ። ብርብራም እንዲሁ ነው፤ የፍሬው ዱቄት ዓሣ ማደንዘዣ መሆኑን የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ከጥንት ያውቁታል። በኩሬ ዳር ለጥላ የሚተከል ዛፍ አይደለም።

ዳሩን ልጭት አድርጎ ማጽዳት

ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋማ አገር በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ኑሮውም በውሃ ዳር አጭር ሣር ላይ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎችም በጋውን እኛ ዘንድ ይከርማሉ። ለነሱ የኩሬው አንድ ወገን ጥልቀት የሌለው፣ ቄጠማና ሣር ያለው ሆኖ ይተው፤ ከብት አይግባበት። ከብቱ ከግድቡ በታች በቱቦ በሚሞላ ገንዳ ይጠጣ። ኮቴ ግድቡን ይንዳል፣ ውሃውንም ያደፈርሳል። ለጌጥ ብሎ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ማምጣት ግን አይታሰብ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ወባን የሐኪም ጉዳይ ብቻ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የትግራይ ጥናት በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ ባሉ መንደሮች በልጆች ላይ የሚከሰተው ወባ ከግድብ ራቅ ካሉት ሰባት እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። ትንኟ የምትፈለፈለው በትልቁ ውሃ መካከል ብቻ አይደለም፤ ከግድቡ በታች በሚያቁር እርጥበትና በኮቴ ጉድጓድም ነው። እሱን በአካፋ ማፋሰስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አጎበሩም ይታደስ። ልጆች እንዳይገቡ ጥልቁ ወገን በሾህ ይታጠር።

ዓሣውን «ገና ይደግ» እያሉ ማቆየት

በበጋው ወራት አንድ ሜትር ገደማ ውሃ በትነት ብቻ ሊሄድ ይችላል። ለከብትና ለአትክልት የሚወጣው ሲጨመርበት ሁለት ሜትር የነበረው ኩሬ በሚያዝያ ጉልበት ላይ ይደርሳል፤ ዓሣው ይታፈናል፣ ሽመላም ጠግቦ ይበላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ በዐቢይ ጾም ገበያው ይደራል። መረቡን በየካቲት ይጣሉ፤ ትልልቁን ያውጡ፣ ለዘር የሚሆነውን ጥልቁ ቦታ ላይ ያስቀሩ።