ታይገርን በካሜራ መቁጠር፦ ከኔፓል ቆላ ደን እስከ ሸርፓዎች ተራራ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛ ነብር ስንል በአብዛኛው የሚታየን ዥንጉርጉሩ፣ የእኛው አገር አውሬ ነው። እዚህ የምንጽፈው ብርቱካናማ ገላው በጥቁር መስመር ስለተሸነተረው የእስያ አውሬ ስለሆነ ታይገር እያልን እንቀጥላለን። የኔፓል ደን ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ የምትተክሉት ካሜራም ሁለቱንም ያነሳል።

ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2009 ስትቆጥር 121 ታይገር አገኘች፤ በ2018 235፣ በ2022 ደግሞ 355። ከ355ቱ 128 በቺትዋን፣ 125 በባርዲያ ብሔራዊ ፓርክ የተቆጠሩ ናቸው። ቁጥሩ የሚታመነው በካሜራ ስለተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ሕንድ ለብዙ ዓመታት ዱካ እየለካች ትቆጥር ነበር። ዱካ ግን አፈሩ ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ አንዱ አውሬ ሦስት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ሳሪስካ በተባለው የሕንድ ጥብቅ ደን ወረቀት ላይ ታይገሮች እያሉ፣ በ2005 ጫካው ሲፈተሽ አንድም አልተገኘም። የገላ መስመር ግን እንደ ጣት አሻራ ነው። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ከልደት እስከ ሞትም አይለወጥም። ነብር ዝንጉርጉርነቱን እንደማይለውጥ ሁሉ ታይገርም መስመሩን አይለውጥም። የዱር እንስሳት ተመራማሪው ኡላስ ካራንት በሕንዱ ናጋራሆሌ ደን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የካሜራ ቆጠራን የጀመሩት በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው።

ችግሩ አንድ ነው፤ የግራ ጎኑ መስመር ከቀኝ ጎኑ ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ በአንድ ቦታ ሁልጊዜ ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት ይተከላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ሁለቱንም ጎን በአንድ ማለፍ ለማግኘት የሚደረግ ነው።

ቦታ መምረጥ

ካርታውን 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ጥንድ ካሜራ መድቡ። ቺትዋን ውስጥ የአንዲት ሴት ታይገር ግዛት 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ አከፋፈል እያንዳንዷ በርካታ ጥንዶች ይደርሷታል። ሰፊ ክፍተት ከተዋችሁ ግን አንዲት እናት ከነደቦሎቿ እዚያው ስትኖር ሳትታይ ልትቀር ትችላለች።

ካሜራውን በማስመሪያ ለክታችሁ ካሬው መሃል አትትከሉ። እንደ እኛው ታይገርም እሾህና ጥሻ ውስጥ ከመሹለክ የተጠረገ መንገድ ይመርጣል፤ የጫካ ጥርጊያ መንገድ፣ የእሳት መከላከያ ቅያስ፣ የደረቀ የወንዝ አልጋ፣ የወንዝ ዳር አሸዋ። እዚያ ምልክት ፈልጉ፤ በኋላ እግሩ የጫረው መሬት፣ የተቧጨረ የዛፍ ልጥ፣ ሽንቱን የረጨበት ግንድ፣ የሚዳቋ ወይም የአጋዘን ፀጉር ያለበት ዓይነ ምድር። ዱካው አራት ጣትና ሰፊ መዳፍ ያሳያል። ታይገር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት የለውም፤ ጥፍር ከታየ የውሻ ዘር ሊሆን ይችላል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ የፊት እግር ዱካ የታይገር ነው። አነስ ያለው የነብር ሊሆን ይችላል፤ የታይገር ደቦል ዱካም ትንሽ ስለሆነ አጠገቡ የእናት ዱካ መኖሩን ሳታዩ አትወስኑ። አብረዋችሁ የሚሄዱ የታሩ ሰዎች ካሉ እነሱን አስቀድሙ። ቴራይ የሚባለው ቆላ የትውልድ ቀያቸው ነው።

መስቀለኛ መንገድ ጥሩ ነው፤ ካሜራው ግን መገናኛው ላይ ሳይሆን ትንሽ አልፎ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ይተከል። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ማለፍ አለበት። ኩርባ ላይ ከተከላችሁ የምታገኙት ፊቱንና ጭራውን ነው፤ በፊቱ ፎቶ ብቻ ደግሞ ቆጠራ አይሠራም። መንገዱ ከሰፋ ከሁለቱም ወገን ደረቅ ቅርንጫፍ ጣል አድርጋችሁ መሃሉን አጥብቡት።

መትከል

ችካሎቹን ከመንገዱ መሃል በግራና በቀኝ ከ3 እስከ 4 ሜትር አርቃችሁ ምቱ። ሌንሱ ከመሬት ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ ከፍታው የሚለካው ከችካሉ ሥር ሳይሆን እንስሳው ከሚረግጠው መሬት ነው። ችካሉ ከመንገዱ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ቦይ ውስጥ ከሆነ ሌንሱ የሚያነሳው እግር ብቻ ይሆናል። ከፍ ካለ ደግሞ ጀርባው ይታይና የሆዱና የታፋው መስመር ይቀራል።

ሁለቱን ካሜራዎች ፍጹም ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው። ግማሽ ሜትር ያህል አዛንፏቸው፤ አለዚያ የአንዱ ፍላሽ የሌላው ሌንስ ውስጥ ገብቶ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ቦታው ከፈቀደ አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ ይዩ። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ካሜራ ጠዋትና ማታ ፀሐይ እየመታው በከንቱ ያነሳል።

ካሜራውን በራሱ የሚያስነሳው ሴንሰር እንስሳ አያውቅም። የሚያውቀው የሚንቀሳቀስና ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገርን ነው። ሁለት ነገር ከዚህ ይከተላል። አንደኛ፣ ፀሐይ ያሞቀው ሳር በነፋስ ሲወዛወዝ እንደ እንስሳ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ ካሜራዎች መካከል ያለውን ሳር እስከ መሬት እጨዱ። ሁለተኛ፣ የቴራይ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋ ሴንሰሩ ልዩነት ስለማያይ ታይገሩ ፊቱ ቢያልፍም ዝም ሊል ይችላል። ቆጠራው በክረምቱ ዝናብ ሳይሆን በደረቁ ወራት፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሙቀቱ ሳይበረታ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፍላሽ ዓይነት ለሚገዛ ሰው፦ ነጩን ምረጡ። ኢንፍራሬድ ለሰው ዓይን አይታይም፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሌሊት የሚራመድ እንስሳ ላይ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይደበዝዛል። የደበዘዘ መስመር ደግሞ ካልተነሳ አይሻልም።

አዲስ ባትሪ ክተቱ፤ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ሜሞሪ ካርዱን በዚያው ካሜራ ፎርማት አድርጉ። ከዚያ የሁለቱን ሰዓት በአንድ ጂፒኤስ አስተካክሉ። ሰዓቱ ከተለያየ የግራውን ፎቶ ከቀኙ ጋር የሚያገናኝ ነገር አይኖርም። በተለይ በአንድ ሌሊት ሁለት ታይገር ያለፈበት መንገድ ላይ ይህ ስህተት ጥንዱን ሙሉ ያበላሻል።

በመጨረሻ አንድ ሰው በአራት እግሩ ተንበርክኮ በመንገዱ ይዳህ፤ ቆሞ መሄድ አይበቃም። ቀዩ መብራት በሁለቱም በኩል ብልጭ ካለ ተሳክቷል። ከዚያ ትንሽ ሰሌዳ ላይ የቦታውን ቁጥር፣ «ግራ» ወይም «ቀኝ» እና ቀኑን በጠመኔ ጽፋችሁ ሌንሱ ፊት ያዙ። የካርዱ የመጀመሪያ ፎቶ ይህ ይሁን፤ ካርዶች ሲደባለቁ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች

ቢያንስ 15 ሌሊት ይቆይ፤ ግን እጅግ አታርዝሙት። ከፎቶዎቹ ተነስቶ የታይገሮችን ብዛት የሚገምተው ስሌት በቆጠራው ጊዜ ማንም አልተወለደም፣ አልሞተም፣ ወጥቶም አልሄደም ብሎ ይነሳልና። በየ4 ወይም 5 ቀኑ ጎብኙ። ሸረሪት ሌንስ ላይ ታደራለች፤ ጉንዳን ሳጥኑ ውስጥ ጎጆ ይሠራል፤ ጠዋት ጤዛ መስታወቱን ያጨልመዋል፤ ዝሆን ችካሉን ነቅሎ ይጥላል። ለእርጥበት እሽግ ማድረቂያ ጨምሩ፤ ለዝሆን ግን ብረት ሳጥንም ዋስትና አይሆንም፤ መጠባበቂያ ካሜራ ያዙ።

በቡድን ሂዱ፤ ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ አትሂዱ። ታይገር ካጋጠማችሁ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ፤ አትሩጡ። አውራሪስ ከሆነ ግን ዛፍ ላይ ውጡ ወይም ከወፍራም ግንድ ጀርባ ተከለሉ። ያለ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ፈቃድ ምንም አይተከልም፤ ፓርኮቹን የሚጠብቀው ሠራዊቱ ነው።

ፎቶ ማመሳከር

ሶፍትዌር የሚመሳሰሉትን ያቀርባል፤ የሚወስነው ሰው ነው። ትከሻ፣ ጎን፣ ታፋ ብላችሁ በየክፍሉ የሚነጣጠል ወይም የሚገናኝ መስመር ፈልጉ፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ካልገጠመ «ያው ነው» አትበሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይፍረድ። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ደቦሎች ከስሌቱ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉና።

አንድ ጎን ብቻ የተገኘላቸው ሲኖሩ ተጠንቀቁ። 5 ግራ ጎንና 4 ቀኝ ጎን ካላችሁ፣ 9 ታይገር ላይሆኑ ይችላሉ፤ ከአምስቱ የአንዳንዶቹ ቀኝ ጎን ከአራቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ብዙ የተገኘበትን ጎን ያዙ፣ ሌላውን ተዉ። ቁጥር ለማሳደግ ብሎ መደመር ሳሪስካ ላይ የሆነውን መድገም ነው።

ወደ ተራራ ሲወጣ

ሸርፓዎች የሚኖሩት ከታይገር ቀዬ በላይ፣ በኤቨረስት ግርጌ ነው። ስሙ ግን ቀድሞ ወደ እነሱ ወጥቷል፤ የሂማላያ ክለብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ከፍተኛ ቦታ ለደረሱ ሸርፓዎች «ታይገር» የሚል ሜዳልያ ይሰጥ ነበር፤ በ1953 ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ቴንዚንግ ኖርጌይም ከዚያ በፊት ተሸልሞታል። አሁን አውሬው ራሱ እየወጣ ነው። በ2020 በምሥራቅ ኔፓል ኢላም ውስጥ 3,165 ሜትር ላይ ካሜራ ታይገር አነሳ፤ ቡታን ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነስተዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ ተራ ባትሪ ብርድ ይገድለዋል፤ ሊቲየም ግዙ። መንገዱ የሸንተረር ጫፍና የተራራ መተላለፊያ በር ነው። የሚጥለውን በረዶ ከፍታ ጠይቃችሁ ሌንሱን ከዚያ በላይ አድርጉ። ኤቨረስት ባለበት በሳጋርማታ ፓርክ የምትተክሉት ካሜራ የሚያነሳው የበረዶ ነብርን ነው፤ ፀጉሩ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ የጎኑ ምልክት ይንሻፈፋል፤ ጭራውንና የፊት እግሩን ጨምራችሁ አመሳክሩ።

ስትነቅሉ ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ሰሌዳውን እንደገና ሌንሱ ፊት ያዙ፤ የመጨረሻው ፎቶም እሱ ይሁን። ችካሉን፣ ሽቦውንና ገመዱን ይዛችሁ ውጡ። ፎቶ ለማንም ስታሳዩ የቦታ መረጃውን አጥፉ፤ ቆዳና አጥንት የሚሸጥ አዳኝ የሚፈልገው እናንተ በ15 ሌሊት ያወቃችሁትን መንገድ ነው።