ከልጅ ቀለብ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ምን ማድረግ ይገባል?

ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ ወላጅ ወይ በንዴት ስልክ ያነሳል፣ ወይ ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ቀለብ ከፋይ ቢሆኑም ልጁን ይዘው ቀለብ የሚጠብቁ ቢሆኑም፣ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቅዎት በመዝገብዎ ውስጥ ባለው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤውን በደረሰዎት ቀን ይክፈቱና ሦስት ነገሮችን ያስምሩባቸው፦ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ውሳኔው የተጻፈበትን ቀን፣ ቅሬታ ማቅረቢያውን የመጨረሻ ቀን። ፖስታውን አይጣሉት፤ ዘግይቶ ደርሶዎት ከሆነ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ይመሰክርልዎታል። ጊዜው አጭር ነው። በብሪታንያ ለምሳሌ የቀለብ ስሌት እንደገና እንዲታይ የሚጠየቀው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። የተያዘው ገቢ የየትኛው ዓመት ነው? የልጆቹ ቁጥር ትክክል ነው? ልጁ በሌላኛው ወላጅ ቤት የሚያድርባቸው ሌሊቶች በሚቆጠሩበት አገር፣ ቁጥሩ ከእውነቱ ጋር ይገጥማል? ስህተት ካገኙ «ስሌቱ ፍትሐዊ አይደለም» ብለው አይጻፉ። «በዚህ መስመር የተያዘው ገቢ የአምና ነው፤ የአሁኑን የደመወዝ መግለጫ አያይዣለሁ» ብለው ይጻፉ። የመጀመሪያው ምሬት ስለሆነ አንብበው ያልፉታል፤ ሁለተኛውን ግን ሠራተኛው መመርመር አለበት። ቀለብ ተቀባይ ከሆኑና ከፋዩ የግል ሥራ ያለው ከሆነ፣ ገቢው እንዲጣራ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው ገቢ ሲቀየር ዝም በማለት ነው። ሥራ የለቀቀ ወላጅ «ሌላ ሥራ ሳገኝ እነግራቸዋለሁ» ይላል፤ የተወሰነው ቀለብ ግን በየወሩ መቆጠሩን አያቆምም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ የመክፈያ ጊዜው ያለፈን ቀለብ ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀንስ ይከለክላል። በመጋቢት ሥራው የቆመ አባት በሐምሌ ቢያመለክት፣ የመካከሉ ወራት ዕዳ ምንም ያህል ቢያለቅስ አይሰረዝለትም። ስለዚህ የሥራ ስንብት ደብዳቤው በእጅዎ በገባበት ቀን፣ አራት መስመር እንኳ ብትሆን ማመልከቻ ያስገቡ፤ ማስረጃው በኋላ ሊሟላ ይችላል። የገቢው ለውጥ ምን ያህል መሆን እንዳለበትም አስቀድመው ይጠይቁ፤ በብሪታንያ በአብዛኛው ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት።

ስልክ ሲደውሉ ደብተር ይያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያነጋገረዎት ሠራተኛ ስም፣ የተባለው ነገር፤ ይኸው ነው። ስልኩን እንደዘጉ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለው ያንኑ በጽሑፍ ይላኩ። ይህን ልማድ ያደረገ ወላጅ ከስድስት ወር በኋላ ማን ምን እንዳለ አይከራከርም።

ክፍያ በእጅ አይስጡ፣ በእጅም አይቀበሉ። በባንክ ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ «የልጅ ቀለብ» የሚል ቃልና ወሩ ይጻፍ። ለልጁ የተገዛ ጫማ፣ ሌላ ስምምነት ወይም ውሳኔ ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ቀለብ አይቆጠርም። ውዝፍ ካለብዎት መሥሪያ ቤቱ ከደመወዝዎ መቁረጥ ሳይጀምር የሚችሉትን ወርኃዊ መጠን ራስዎ ያቅርቡ፤ የወር ወጪዎን ዝርዝርም ያያይዙ። ሙሉውን መክፈል ባይችሉ እንኳ የሚችሉትን መክፈል አያቁሙ።

ሌላኛው ወላጅ ውጭ አገር ካለ ተስፋ አይቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሄግ የተፈረመው የልጅ ቀለብ ስምምነት ከ2013 ጀምሮ ይሠራል፤ በአባል አገሮች መካከል ማመልከቻው ለዚሁ በተሰየመ ማዕከላዊ ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። ሁለቱም አገሮች አባል መሆናቸውን በቅድሚያ ያጣሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ቀለብ ስላልተከፈለ ልጁን ከማየት አይከልክሉ፤ ልጁን ስላላዩም ቀለብ አያቁሙ። በአብዛኞቹ አገሮች ሁለቱ የሚታዩት በተለያየ መዝገብ ነው፤ አንዱን ለሌላው መያዣ ያደረገ ወላጅ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። «ለአባትህ ንገረው»፣ «እናትሽን ጠይቂያት» የሚል መልእክትም በልጁ አይላኩ። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚደውሉት ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን፤ መዝገቡም ልጁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።