ቅባቱ ተጨምሮ ብርሃኑ አልጨምር ሲል፦ የፒፓር ጋማ ሙከራ ችግርና መፍትሄ

ፋቲ አሲድ (የቅባት አሲድ) ሴል ላይ ጨምራችሁ፣ ፒፓር ጋማ የሚባለው ቅባት ሲይዝ ጂን የሚያስነብብ ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) መንቃቱን በሉሲፈሬዝ (ብርሃን ሰጪ ኢንዛይም) ብርሃን ለማየት ጠብቃችሁ፣ ማሽኑ የማይረባ ቁጥር ሲሰጣችሁ ይህን አንብቡት።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፒፓር ጋማ ኒውክለስ ውስጥ አርኤክስአር ከሚባል ሪሴፕተር ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤ ላይ ይቀመጣል። ሊጋንዱ (ሪሴፕተሩ ላይ የሚያያዘው ሞለኪውል፣ እዚህ ቅባቱ) የሪሴፕተሩ ኪስ ውስጥ ሲገባ 12ኛው ሄሊክስ (የፕሮቲኑ ጥምዝ ክፍል) ቦታውን ይይዛል። አፋኞቹ ፕሮቲኖች ይለቃሉ፣ ኮአክቲቬተሮች (አጋዥ ፕሮቲኖች) ይጠጋሉ፣ ጂኑ ይነበባል፤ በሙከራችን ይህ የሉሲፈሬዙ ጂን ነው። ኪሱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ዓይነት ቅባት ያስገባል። ግን አጥብቆ አይዝም። ሮሲግሊታዞን የሚባለው መድኃኒት በናኖሞላር ሲሠራ፣ ተራ ፋቲ አሲድ ማይክሮሞላር፣ ማለትም እጅግ የበዛ መጠን ይፈልጋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በየሳህኑ 1 ማይክሮሞላር ሮሲግሊታዞን የተጨመረበት ጉድጓድ ይኑር። እሱም ካላበራ ችግሩ ከፕላዝሚዱ (ጂኖቹን ሴሉ ውስጥ ከምናስገባበት ክብ ዲኤንኤ) ወይም ከሴሉ ነው፤ ቅባቱን ለጊዜው ተዉት።

ሮሲግሊታዞን ያበራል፣ ቅባቱ ግን ምንም

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «ይህ ቅባት ሊጋንድ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቅባቱ ኪሱ ዘንድ ደርሷል ወይ ብዬ ነው።

ከጠርሙሱ ጀምሩ። ሊኖሌይክና አራኪዶኒክ አሲድ አየር ካገኙ ይበላሻሉ። በኤታኖል አሟሙታችሁ፣ በትንንሹ ከፋፍላችሁ፣ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ነፍታችሁ በ-80 አስቀምጡ። የሚገርመው፣ የተበላሸው ሁሌ አይከሽፍም። ሊኖሌይክ አሲድ በኦክሲጅን ሲለወጥ ከሚወጡት ውስጥ 9-ሆዴ እና 13-ሆዴ (9-HODE እና 13-HODE) ራሳቸው ፒፓር ጋማን ያነቃሉ። ያረጀ ጠርሙስ ከአዲሱ የተሻለ ቁጥር ከሰጣችሁ አትደሰቱ።

ቀጥሎ ሚዲየሙ (ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ)። ፋቲ አሲድ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፤ ሴረም ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲንም ይይዘዋል። ለሴሉ የሚተርፈው ነፃ ቅባት ከጨመራችሁት እጅግ ያነሰ ነው። ማሟሟቱን በመስታወት ዕቃ አድርጉ። ሴረሙን ቀንሱ። ቅባቱን ከፋቲ አሲድ ነፃ በሆነ አልቡሚን ላይ አስራችሁ ስጡ፣ የሁለቱንም ጥምርታ በየሙከራው አትቀያይሩ። አልቡሚን ብቻ የተሰጠው መቆጣጠሪያም አይቅር።

ሴሉ ውስጥ ሲገባም ገና ነው። አሲል ኮኤ ሲንቴቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀበለውና ወይ ወደ ስብ ክምችት ወይ ወደ ማቃጠያው ይልከዋል። ሴሉ ለናንተ ሙከራ አይጨነቅም፤ ምግብ ነው ብሎ ይበላዋል። ይህን ኢንዛይም የሚያግደውን ትራያክሲን ሲ ጨምራችሁ ብርሃኑ ከወጣ ሌባው ታወቀ። ሌላው ጉዳይ ተሸካሚ ነው። በስብ ሴሎች ውስጥ ኤፍኤቢፒ 4 የሚባል ፕሮቲን ቅባቱን ተሸክሞ ወደ ኒውክለስ ያደርሳል። የምትጠቀሙት ሴል ይህ ፕሮቲን ከሌለው የእሱን ፕላዝሚድ አብራችሁ አስገቡ።

ምንም ሳይጨመር ብርሃኑ ከፍተኛ ነው

ሴረሙ ራሱ የቅባትና የሆርሞን ቅልቅል ነው። በከሰል የተጣራውን ተጠቀሙ። ካልወረደ ሴሉ የራሱን ሊጋንድ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በተጣራ ፕሮቲን ላይም አለ። ኤልአርኤች 1 የሚባለው ሪሴፕተር በኢ ኮላይ ተመርቶ ሲጣራ፣ ኪሱ ውስጥ የባክቴሪያው ፎስፎሊፒድ ተቀምጦ ይገኛል። ወንበሩ ተይዟል። ቅባቱን ሳታስወጡ የመያያዝ ሙከራ ብትሠሩ የሚወጣው ቁጥር የሚለካው መያያዝን ሳይሆን መቀያየርን ነው።

መጠኑ ሲጨምር ብርሃኑ ይወርዳል

አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሴሎቹ እየሞቱ ነው። ፓልሚቴት በተለይ ጨካኝ ነው። በማይክሮስኮፕ እዩ፣ የሴል ሕይወት መለኪያም አብራችሁ ሥሩ።

ሁለተኛውን ብዙዎች አያስቡትም። የፋየርፍላይ ሉሲፈሬዝ የአሲል ኮኤ ሲንቴቴዝ ዘመድ ነው። ፋቲ አሲድ ራሱ ሉሲፈሬዙ ላይ ተቀምጦ ሊያግደው ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ በሮሲግሊታዞን የነቁ ሴሎችን አፍርሱና ቅባቱን በቀጥታ ፈሳሹ ላይ ጨምሩ። ብርሃኑ ወዲያው ከወረደ ሪሴፕተሩን አትውቀሱ። ከዚያ በኋላ እንደ አንጂፒቲኤል 4 ያለ የሪሴፕተሩን ዒላማ ጂን በኪውፒሲአር (ጂን ምን ያህል እንደተነበበ በሚለካው ዘዴ) ለኩ፤ እዚያ ሉሲፈሬዝ የለም።

ብርሃኑ ይጨምራል፣ ግን በፒፓር ጋማ ነው?

ሪሴፕተሩ የሌለበት ባዶ ፕላዝሚድ ይኑር። ፒፓር ጋማን የሚያግደውን ጂደብልዩ 9662ን ከቅባቱ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ኪሱ ውስጥ ካለው ሲስቲን 285 (አሚኖ አሲድ) ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ግን አንዳንድ ሊጋንዶች በሌላ ጥግ ገብተው ሊያያዙ ስለሚችሉ ሙሉ በሙሉ አለመታገድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አርኤክስአርንም አትርሱ። ጥንዱ በአርኤክስአር በኩልም ይነቃል፣ የዓሣ ዘይቱ ዲኤችኤ ደግሞ የአርኤክስአር ሊጋንድ ነው። የሁለቱን ሪሴፕተሮች ሊጋንድ መያዣ ክፍል ጋል 4 ከሚባል ዲኤንኤ ያዥ የእርሾ ፕሮቲን ጋር ቀጥላችሁ ለየብቻ ፈትኑ።

ምላሹ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ

ይህ ኒውክሌር ሪሴፕተር አይመስልም፤ ጂን ተነቦ ፕሮቲን እስኪሠራ ሰዓታት ይወስዳል። ካልሲየም በሰከንዶች ውስጥ ከጨመረ ሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ኤፍኤፍኤአር 1 የሚባል ሪሴፕተር ጠርጥሩ፤ እሱም ያንኑ ፋቲ አሲድ ይይዛል።