የወለቀ በር አልመለስም ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። ጠዋት በጉም ውስጥ ካፖርት ለብሶ የተነሣ ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ላብ በላብ ይሆናል። በሩ የሚወልቅ መኪና ያለው፣ ጂፕ ራንግለርም ይሁን በደርግ ዘመን ይታይ የነበረው ዋዝ፣ በበጋ በሩን አውልቆ ቁልቁል መንዳት ቢወድ አይፈረድበትም። ፈተናው የሚመጣው በሩ ሲመለስ ነው። ወሎ ላይ በጋው ረጅም አይደለም፤ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊጥል ስለሚችል በሩ ሰኔን ሳይጠብቅ ይፈለጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው፤ በሩ የከረመበት ቦታ። በር አልገጥም ባለ ቁጥር መዶሻ ከማንሳት በፊት የት እና እንዴት ተቀምጦ እንደነበር ይጠየቅ።

በሩ ከማጠፊያው አልነሣም ሲል

መጀመሪያ ማሰሪያውን ይመልከቱ። ራንግለር ላይ በሩ ከልክ በላይ እንዳይበረገድ ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው ማሰሪያ አለ። የፊት በር ከሆነ ደግሞ ለመስታወቱና ለመቆለፊያው ኃይል የሚያደርሰው ሽቦ ከዳሽቦርዱ ሥር በሶኬት ተያይዟል። እነዚህ ሳይለቀቁ በሩን ወደ ላይ የሳበ ሰው ሽቦውን ይበጥሳል።

ሁለቱም ተለቀው፣ ከፒኑ (በሩ ማጠፊያው ላይ ከሚሰካበት ዘንግ) ሥር ያለው ብሎንም ተፈትቶ በሩ አሁንም እንቢ ካለ ፒኑ ላይ ዝገትና አቧራ ተጋግሯል ማለት ነው። የባቲ መንገድ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ከግራሶ ጋር ሲላቆጥ ይደርቅና ፒኑን ይነክሳል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማጠፊያው ላይ ይርጩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ በሩን በእጅ ይዘው በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ከዚያ ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዞ፣ ሳያጋድሉ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። ካቻቢቴ በማጠፊያው መሃል አስገብቶ መፈልቀቅ ቀለሙን ይልጣል፤ የተላጠው ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ዝገት ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ የሚፈታው ከፒኑ ሥር ያለው ብሎን ብቻ ነው። ማጠፊያውን ከአካሉና ከበሩ ጋር የያዙት ብሎኖች አይነኩም። የበሩን ልክ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከላሉ በሩን ወደ ቦታው መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የብሎኑ ራስ ሲበላ

ራንግለር ላይ ያለው ብሎን ራሱ የኮከብ ቅርጽ አለው፤ መፍቻው ቲ50 ይባላል። ተቀራራቢ መፍቻ እየሞከሩ ጥርሱን መጨረስ የተለመደ ጥፋት ነው። ልኩ እያለም ራሱ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ መፍቻው ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ በምስማር ጫፍ ጠርገው ይጀምሩ። የተፈታውን ብሎን በጨርቅ ጠቅልለው ከዚያው በር ጋር ያስሩት።

ከከረመ በኋላ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ሲያብጥ

ብዙ በር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ከታች በኩል እንደ ሽፍታ ያብጣል፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈርና ከሥሩ ቡናማ ዝገት ይወጣል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አይደለም። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚገባው የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች በታችኛው ጠርዝ ላይ አሉ። በጭቃ ሲደፈኑ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በሩ በዚያ ሁኔታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከቆመ ደግሞ ከወለሉ የሚወጣው እርጥበት ይጨመርበታል።

መፍትሄው ከማስቀመጥ በፊት ይጀምራል። በሩን አጥበው ፀሐይ ላይ ያቁሙት፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ፣ ውሃው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከዚያ ሁለት ጣውላ መሬት ላይ ዘርግተው፣ በላዩ አሮጌ ጎማ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አድርገው በሩን በቁሙ ያስደግፉ። ቀዳዳዎቹ በጣውላው እንዳይደፈኑ። መስታወቱ ተዘግቶ ይቀመጥ። አጋድሞ በር በበር ላይ መደርደር መስታወቱንም እጀታውንም ይጎዳል። የጭቃ ግድግዳ ባለበት ቤት ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ በክረምት ግድግዳው ራሱ እርጥበት ያዥ ነው።

መሸፈኛውስ? የብዙ ሰው እጅ ወደ ፕላስቲክ ማዳበሪያ ይሄዳል። ይህን አልመክርም። የደሴ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ማዳበሪያው ውስጥ የታፈነው አየር እርጥበት ወዝ ይሆንና በሩን ጠዋት ጠዋት ያርሰዋል። አሮጌ አንሶላ ወይም የቃጫ ጆንያ ይሻላል፤ አቧራውን ይከለክላል፣ አየርም ያሳልፋል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በወጣው የራንግለር ትውልድ በሩ አልሙኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ይሁን እንጂ የብረት ብሎን አልሙኒየሙን በሚነካበት ቦታ እርጥበት ካገኘ ቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ስለዚህ እሱም ደረቅ ቦታ ይፈልጋል።

ሲመለስ መስታወቱ አልወርድ፣ መቆለፊያው አልሠራ ሲል

ሶኬቱ እስከ መጨረሻ አልገባም፣ ወይም አቧራ ገብቶበታል። ይንቀሉት፣ በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት፣ የመቆለፊያዋ ምላስ ቦታዋን እስክትይዝ ይግፉት። ካልሠራ ፊውዙን ይዩ። ከዚያ በኋላ የሚጠረጠረው አይጥ ነው። በሩ እህል ባለበት ክፍል ከከረመ ሽቦው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሶኬቱ እስከ በሩ ድረስ በጣት እየዳበሱ ይፈትሹ። በሚቀጥለው ጊዜ ሶኬቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከፍ አድርገው ያስሩት።

በሩ ዝቅ ብሎ ሲዘጋ፣ ወይም ውሃና አቧራ ሲያስገባ

ዝቅ ያለ በር አንደኛው ፒን እስከ ታች አልወረደም ማለት ነው። አንሥተው እንደገና ሁለቱን ፒኖች በአንድ ጊዜ ያስገቡ፤ ከማስገባትዎ በፊት ፒኑን ጠርገው ስስ ግራሶ ይቀቡት። ማሰሪያውን ሳይመልሱ በሩን አይክፈቱ፤ ነፋስ ቢገፋው ወደ ፊት ሄዶ ከአካሉ ጋር ይጋጫል።

በሩ ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ ግን የበሩን ማሸጊያ ጎማ ይመርምሩ። በሩ በጎማው ላይ ተደግፎ ከከረመ ጎማው ተጨፍልቆ ይቀራል። ጥቂት ቀን ተዘግቶ ሲቆይ ሊመለስ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው። ጎማን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ ያሳብጠዋል። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል፣ ሲደርቅ ሲሊኮን ይቀባ።

በሩ ወልቆ ሳለ ባትሪ ሲያልቅ

የውስጥ መብራቱ ቁልፍ በበሩ ምሰሶ ላይ በሆነባቸው መኪኖች በሩ ከሌለ መብራቱ ሌሊቱን ይበራል። አምፖሉን ማውጣት ወይም ፊውዙን መንቀል ይበቃል።

ስፖኪዮም ከበሩ ጋር ይሄዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከኋላ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሳያዩ መንዳት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። በማጠፊያው ወይም በፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ የሚታሰር ስፖኪዮ ሳያገኙ በሩን አያውልቁ። ቀበቶም ሳይታሰር አይነዳም።

ከሌላ መኪና የተገዛ በር አልስማማ ሲል

የአንዱ ራንግለር ትውልድ በር አብዛኛውን ጊዜ ለሌላው አይሆንም። በእጅ የሚወርድ መስታወት ያለው በር በኤሌክትሪክ ለሚሠራው መኪና በማጠፊያ ቢገጥም እንኳ ሽቦው የሚያያዝበት የለውም። ያገለገለ በር ሲገዙ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ፣ ፒኖቹን አስገብተው በሩን ይዝጉት፣ ሶኬቱን ሰክተው መስታወቱን አውርደው መልሰው ከፍ ያድርጉት፣ የታችኛውን ጠርዝ ገልብጠው ይዩ። ይህ ሁሉ ሳይሆን ገንዘብ አይክፈሉ።